ነጋሪቱ ተጎሰመ፤ አዋጁስ?

የመንግሥት ሕግ የሚወጣበትን ጋዜጣ «ነጋሪት» ብለው የሰየሙት ሰዎች ቋንቋ ያውቁ ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል፣ ገበያተኛው ይሰበሰባል፣ አዋጅ ነጋሪው «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ብሎ የታዘዘውን ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያሰማል። እንግዲህ ነጋሪቱ ተጎስሞ፣ ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ አዋጅ ነጋሪው «አንድ ትልቅ ቃል ጸድቋል፤ በሉ ወደየቤታችሁ» ቢል ገበያተኛው ምን ይላል? የኛ አገር ገበያተኛ ጨዋ ስለሆነ ምንም ላይል ይችላል። ግን ምን እንደታወጀ አያውቅም።

አዋጅ ቁጥር 10/1984ን ፈልጋችሁ አንብቡት። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ያጸደቀችበት አዋጅ ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከኖርኩበት ልማድ ይሆናል፣ ሕግም ሳነብ የተጻፈውን ካየሁ በኋላ የቀረውን እፈልጋለሁ። እዚህ የቀረው ስምምነቱ ራሱ ነው! መጽደቁን የሚነግሩን ጥቂት መስመሮች አሉ፤ 54ቱ አንቀጾች ግን የሉም። ሽፋኑን ብቻ አሳትሞ ለገበያ ያወጣ የመጽሐፍ ነጋዴ ቢኖር ምን እንደምንለው ታውቃላችሁ። መንግሥት ሲያደርገው ግን «ማጽደቅ» ይባላል። የአንድ አዋጅ ጉድለት ቢሆን ኖሮ ባለፍኩት ነበር፤ ነገሩ ግን ልማድ ሆኖ የኖረ ነው።

ይህን ለሕግ ሰዎች ስታነሱ ሕገ መንግሥቱን ይጠቅሱላችኋል። አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርጋቸዋል። አንቀጽ 13 ደግሞ የመብት አንቀጾቻችን ከነዚሁ ስምምነቶች ጋር ተጣጥመው እንዲተረጎሙ ያዛል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ? ይሉኛል። ሌላው ወገን ደግሞ የ1987ቱን አዋጅ ቁጥር 3 ያነሣል። የፌዴራል ሕጎች በነጋሪት ጋዜጣ መውጣት አለባቸው፤ ፍርድ ቤትም የሚያውቀው እዚያ የወጣውን ነው፤ ስለዚህ ቃሉ ያልታተመ ስምምነት አይሠራም ባዮች ናቸው። በሕግ ክርክር የመጀመሪያው ወገን የሚረታ ይመስለኛል። በወረዳ ፍርድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ግን የሚረታው ሁለተኛው ነው። ዳኛው መደርደሪያው ላይ የሌለውን ሕግ በምን እጁ ይጠቅሳል? ቢጠቅስስ በየትኛው አማርኛ?

«ደግሞ ለፈረንጅ ወረቀት!» የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ታሪክም ያግዘዋል። ኢጣሊያ በጦርነት የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ፕሮቶኮል አጽድቃ ነው በ1928 ዓ.ም. ጋዙን በወገኖቻችን ላይ ያወረደችው። ጃንሆይም ጄኔቫ ድረስ ሄደው አቤት ብለው ያገኙትን መልስ እናውቃለን። ጄኔቫ ተቀምጦ የቀረ ቃል ምን ያህል እንደሚያድን ከኛ የበለጠ ምስክር የለም። እኔም የምከራከረው እዚያ ለተቀመጠው አይደለም። እቤት ገብቶ፣ በአገር ቋንቋ ተጽፎ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ከአገር ሕግ መካከል ስለተቀመጠው ነው። እሱ ምን እንደሚሠራ አንድ ምሳሌ አለን፤ የማይረሳ ምሳሌ።

የተባበሩት መንግሥታት የዘር ማጥፋትን ወንጀል የሚከለክለውን ስምምነት ያወጣው ኅዳር 30 ቀን 1941 ዓ.ም. ነበር። ለማጽደቅ ከዓለም አገሮች ቀዳሚዋ ማን እንደነበረች ስንቶቻችን እናውቃለን? ኢትዮጵያ ናት፤ ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም.። ስምምነቱ ግን አንድ ጉድለት ነበረው። በብሔር፣ በጎሣ፣ በዘርና በሃይማኖት ማኅበረሰቦች ላይ የሚፈጸመውን እልቂት ሲከለክል የፖለቲካ ቡድኖችን ትቷቸዋል። በመጀመሪያው ውይይት ነበሩበት፤ ሶቪየት ኅብረትና ሌሎችም ስለተቃወሙ ወጡ። ቀጥሎ የሆነው ነው የሚገርመው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ይህንኑ ወንጀል በአንቀጽ 281 ሲያስገባ፣ ዓለም የተወውን ያንን ቃል ጨመረው። የፖለቲካ ቡድንን ለማጥፋት አስቦ መግደልም በኢትዮጵያ ሕግ የዘር ማጥፋት ያህል ተቆጠረ። የሕጉ አርቃቂ የስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን ይሁኑ እንጂ ሕጉ በአማርኛ ወጥቶ የአገር ሕግ ሆነ። በዚያን ዘመን የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረንም። የሚጠብቀው ሰው ገና ሳይኖር ጥበቃው ተጽፎ ተቀመጠ።

ከዚያ ደርግ መጣ። በመስከረም 1967 ሕገ መንግሥቱን አገደ። ያ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 122 ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን ከራሱ ጋር አብሮ የአገሪቱ የበላይ ሕግ ያደርግ ነበር፤ አብሮ ታገደ። የወንጀለኛ መቅጫው ግን መደርደሪያው ላይ ቀረ። ቀይ ሽብር የመጣው በዚህ ላይ ነው። ወጣቱ ኢሕአፓ ነህ፣ መኢሶን ነህ እየተባለ ሲገደል የግድያው ስም «ነጻ እርምጃ» ነበር። በአማርኛ ላይ ከተሠሩ ግፎች ይህን የሚያህል ያለ አይመስለኝም፤ «ነጻ» የሚለው ቃል ከሕግ ነጻ መሆን ማለት ሆኖ አረፈው።

በታኅሣሥ 1987 የደርግ ባለሥልጣናት ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ጠበቆቻቸው ያነሡት መቃወሚያ በእውነት ብልህ ነበር። ዓለም አቀፉ ስምምነት የፖለቲካ ቡድንን አያካትትም፤ ስለዚህ ይህ ወንጀል የለም አሉ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበላቸውም። አንድ አገር ከዓለም አቀፉ ስምምነት ሰፋ ያለ ጥበቃ በራሷ ሕግ መስጠት ትችላለች ብሎ ክሱን አስቀጠለ። ፍርዱ የተሰጠው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት ጥፋተኛ ተባሉ። አንድ ዳኛ በሐሳብ ተለይተው፣ ለፖለቲካ ቡድን የተሰጠው ጥበቃ ደርግ ራሱ ባወጣቸው አዋጆች ተሽሯል ብለዋል። ልዩነታቸውን በቀላሉ የማየው አይደለም፤ ገዳይ ሕጉን ሽሮ ቢገድልስ የሚለውን ጥያቄ ጥሎልን የሚሄድ ነውና። ግን ልብ በሉ፤ አብላጫዎቹም ተለዪውም ዳኛ የተከራከሩት መደርደሪያው ላይ ስላለ አንድ የአማርኛ ቃል ነው። ቃሉ ባይጻፍ ኖሮ ክርክሩም አይኖርም።

የዚያን ችሎት ጉድፍ ለመሸፈን አይደለም ይህን የምለው። ክርክሩ 12 ዓመት ፈጀ። ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ታስረው ክስ እስኪመሠረትባቸው ዓመታት የጠበቁ ነበሩ። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ለተከሳሽ በአጭር ጊዜ የመዳኘት መብት ይሰጠዋል። ለሟቾች ፍትሕ ስንፈልግ የከሳሽን ሕግ አስታውሰን የተከሳሽን ዘነጋን። አይ የኛ ነገር!

«የፈረንጅ ሕግ» ለሚሉትም አንድ ነገር ልበል። ስንት ዘመን የተዳኘንበት ፍትሐ ነገሥት ከየት መጣ? በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብጽ ውስጥ በአረብኛ የተሰናዳ መጽሐፍ ነው። ወደ ግዕዝ ተመለሰ፣ ሊቃውንቱ አንድምታ አበጁለት፣ ተማሪው በየጉባኤ ቤቱ ተማረው፤ የኛ ሆነ። ዛሬ ባዕድ ነው ብሎ የሚከራከር የለም። አባቶቻችን አምጥተውታል ብለን ብቻ ሽፋኑን ብንስመው ኖሮ ማን ይዳኝበት ነበር?

የሕፃናቱም ስምምነት ቢሆን ጨርሶ አልሞተም። በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የወሰነው ጉዳይ አለ። አንድ አባት የልጁን ሞግዚትነት ይጠይቃል፤ ልጁን ያሳደገችው አክስት አልሰጥም ትላለች። በቤተሰብ ሕጉ ከወላጆች አንዱ ሲሞት በሕይወት ያለው ሞግዚት ይሆናል። የበታች ፍርድ ቤቶች ይህን ይዘው ለአባት ፈረዱ። ሰበር ግን ሕገ መንግሥቱንና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን አንቀጽ 3 ጠቅሶ፣ ቀድሞ መታየት ያለበት የልጁ ደኅንነት ነው ብሎ ውሳኔውን ሻረ። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት የሰበር የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ስለሚያስገድድ፣ ፍርዱ ከዚያ ልጅ አልፎ ለሌሎችም ተረፈ። አክስትየዋ እኮ እስከ ሰበር ድረስ መሄድ ነበረባት። ስንቷ አክስት እስከዚያ ትደርሳለች? ስምምነቱን በመጀመሪያው ችሎት ገልጦ የሚያነብ ዳኛ ቢኖር ኖሮ መንገዱ ባጠረላት ነበር።

ቃሉ እቤት ሳይገባ ሲቀር የሚሆነውን ደግሞ በማሰቃየት ወንጀል እንየው። ማሰቃየትን የሚከለክለውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. ተቀብላለች። ስምምነቱ ማሰቃየት ምን እንደሆነ በአንቀጽ 1 ይተረጉማል፤ አገሮችም ራሱን የቻለ ከባድ ወንጀል እንዲያደርጉት ይጠይቃል። ከዐሥር ዓመት በኋላ አዲሱ የወንጀል ሕግ ሲጻፍ ግን ያ ትርጉም አልገባም። ተመርማሪን የሚያሰቃይ ሹም በአንቀጽ 424 ተገቢ ያልሆነ ዘዴ ተጠቅሟል ይባላል፤ በቀላል እስራት ወይም በመቀጮም ሊታለፍ ይችላል። ጉዳዩ ከባድ ሲሆን ነው ቅጣቱ ከፍ የሚለው። «ተገቢ ያልሆነ ዘዴ»! ጥፍሩ ለተነቀለ ሰው ይህን አንብቡለት። የፖለቲካ ቡድን የሚለውን ቃል በ1949 የጨመረ አገር፣ ማሰቃየት የሚለውን በ1996 ለመጻፍ ለምን እጁ እንደከበደው ሹማምንቱ ይመልሱ።

የወረቀትና የማተሚያ ወጪ ነው የሚለኝ ሰው ደግሞ አጋጥሞኛል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 3,367 አንቀጾች አሉት። ነጋሪት ጋዜጣ አንድም ሳያስቀር አትሞታል።