ከ400 ጫማ በታች

እንደ ሲቴሽን ሲጄ1 እና ፌኖም 100 ያሉ ትንንሽ ጄቶችን አንድ አብራሪ ብቻውን እንዲያበርራቸው ይፈቀዳል። የጎን ወንበሩ ባዶ ነው፤ ቼክሊስት የሚያነብ፣ «አየሁት» የሚል፣ የተሳሳተ እጅ የሚይዝ ሰው የለም። ስለዚህ ከተነሳሁ በኋላ የማስጠንቀቂያ መብራት ቢበራ ምን እንደማደርግ የምወስነው ገና መሬት ላይ ሳለሁ ነው። ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ፍሬን ይዤ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለራሴ እነግራለሁ፦ «ከ80 ኖት በታች ለማንኛውም ማስጠንቀቂያ አቆማለሁ። ከ80 እስከ ቪ ዋን የማቆመው ለእሳት፣ ለሞተር መጥፋት ወይም አቅጣጫ አልጠብቅ ካለኝ ብቻ ነው። ቪ ዋን ካለፈ እነሳለሁ። ጎማ አጥፌ ከመሬት 400 ጫማ እስክደርስ ሌላ ነገር አልነካም።» ቪ ዋን ማለት ካለፉት በኋላ መነሳትን ማቋረጥ የሌለብን ፍጥነት ነው።

በሆድ የተያዘ ውሳኔ ደወል ሲጮህ ይበተናል። በአፍ የወጣው ግን በዚያች ሰዓት ተመልሶ ይመጣል። ባዶው ወንበር ላይ ሰው የማስቀምጠው በዚህ መንገድ ነው።

ሰው ከመነሳት በኋላ ስለሚያጋጥም ብልሽት ሲያስብ የሚታየው የሚነድ ሞተር ነው። እኔ ግን አዲስ አብራሪ የማስጀምረው በበር ነው። ሲጄ አፍንጫው ላይ የዕቃ ክፍል አለው፤ በሩ በደንብ ካልተቆለፈ ነፋስ ሊከፍተው ይችላል። ጎማው መሬት እንደለቀቀ ከፊት ይንኳኳል፣ ነፋሱ ይጮኻል፣ የበሩ ጫፍ ከመስታወቱ ሥር ብቅ ጥልቅ ይላል። አውሮፕላኑ ግን ይበርራል። አደጋ የሚመጣው ዓይን በሩ ላይ ተተክሎ ፍጥነት ሲወርድ፣ ወይም ቶሎ ለመመለስ ሲባል ዝቅ ብሎ በጠባቡ ሲታጠፉ ነው። ክንፍን አስተካክሎ፣ ፍጥነት ጠብቆ፣ ሰፊ ዙር ዞሮ መመለስ ነው ያለብን። አንድ እውነተኛ ስጋት አለ፦ ሞተሮቹ ከኋላ ናቸውና ከአፍንጫው ክፍል የወጣ ዕቃ ሊገባባቸው ይችላል። ስለዚህ እዚያ ውስጥ ቀላልና ያልታሰረ ነገር፣ የሞተር መሸፈኛ ጨርቅም ቢሆን፣ አላስቀምጥም። መቆለፊያውንም አይቼ ብቻ አላልፍም፤ በእጄ እጎትተዋለሁ።

የሞተር ሲሆን ፈተናው ይከብዳል። በፈረንጆች 2015 የትራንስኤዥያ በረራ 235 ከታይፔ እንደተነሳ አንዱ ሞተሩ ኃይል አጣ፤ አብራሪዎቹ የዘጉት ግን ጤነኛውን ነበር፤ 43 ሰዎች ሞቱ። ያ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ነበር፤ ኮክፒቱ ውስጥም ከአንድ በላይ አብራሪ ነበረ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን መልቀም የለም። ስለዚህ ከ400 ጫማ በኋላም እጄን አዘገያለሁ። ስሮትሉን ሳልስብ እነካለሁ፤ «ግራ» እላለሁ፤ የግራውን ሞተር የዙርና የሙቀት መለኪያ አያለሁ፤ የትኛው እግሬ እየረገጠ እንደሆነ ልብ እላለሁ። የምረግጠው በጤነኛው ሞተር በኩል ነውና እግር ምስክር ነው፤ ሲጄ ላይ ሞተሮቹ ከአካሉ ተጠግተው ስለተሰቀሉ ምስክርነቱ ያን ያህል ባይጎላም። ሁሉም ከተስማሙ በዝግታ ወደ ኋላ እስባለሁ። የእሳት መብራት ቢሆን እንኳ አስቀድሜ ስሮትሉን ወደ አይድል፣ ወደ ዝቅተኛው ኃይል፣ አውርጄ አያለሁ፤ የሞተሩ ትኩስ አየር ቧንቧ ሲያፈስም ያው መብራት ሊበራ ይችላልና። መብራቱ ካልጠፋ ሞተሩ ይዘጋል፣ ማጥፊያው ይለቀቃል።

ይህ ሁሉ በከፍታ ቦታ ይብሳል። እኔ የምነሳበት፣ ዴንቨር አጠገብ ያለው ሴንቴኒያል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,790 ሜትር ገደማ ነው፤ ቦሌ ደግሞ 2,330 ገደማ። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ኃይል ያንሰዋል፤ የፍጥነት መለኪያው ያንኑ ቁጥር እያሳየ አውሮፕላኑ ከመሬት አንጻር ይበልጥ ይፈጥናል፤ በአንድ ሞተር መውጣቱም ይዘገያል። 400 ጫማ ሩቅ ይሆናል፤ እጅን ይዞ መቆየት የሚያስፈልገውም ያን ሁሉ ጊዜ ነው።

ተሳፋሪው ደግሞ ከትከሻዬ ኋላ ነው ያለው፤ ቀዩን መብራት እሱም ያየዋል። «ምንድን ነው?» ሲለኝ ከ400 ጫማ በታች አልመልስለትም፤ ይህንንም ከመነሳታችን በፊት ነግሬዋለሁ። ኋላ ላይ አጭር መልስ እሰጠዋለሁ፦ «አውሮፕላኑ እየበረረ ነው፤ ተመልሰን እናርፋለን፤ ቀበቶዎን ያጥብቁ።» የመቆጣጠሪያ ታወርም ተራ አውሮፕላኑ ከተረጋጋ በኋላ ነው።

እንዲህ ያሉ ጄቶች ነዳጅ አየር ላይ የሚደፉበት መሣሪያ የላቸውም። ታንክ ሞልቶ የተነሳ ለማረፊያ ከተፈቀደው ክብደት በላይ ሊሆን ይችላል። እሳት ካለ ከነክብደቱ አርፋለሁ፤ ችግሩ የማይብስ ከሆነ ነዳጅ እስኪቀንስ እዞራለሁ። ከብዶ ያረፈ አውሮፕላን ፍሬኑ ይግላል፤ ጎማው በሙቀት ሊተነፍስ ስለሚችል ማንም አጠገቡ እንዲቆም አልፈቅድም። ከዚያ መዝገቡ ላይ «በሩ ተበላሽቷል» ብዬ አልጽፍም። መብራቱ በስንት ኖት፣ በስንት ጫማ እንደበራ፣ ምን እንደሰማሁ፣ መቼ እንደጠፋ እጽፋለሁ። መካኒኩ ሥራውን የሚጀምረው ከዚያ ነው።