ችግርና ጥበብ በ«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»

«ችግር በቅቤ ያስበላል» ይባላል። ወጥ የጠፋበት ሰው ለበዓል ያስቀመጠውን ቅቤ አውጥቶ እንጀራውን ይበላበታል። በጥቂት ገንዘብ ፊልም የሚሠራም ሰው እንዲሁ ነው፤ የሚገዛበት ሲያጣ በእጁ ያለውን ውድ ነገር ያወጣል። ይሁን እንጂ ቅቤው የማያልቅ ይመስል ችግርን ማመስገን ስሕተት ነው። ይህን በአንድ ምሳሌ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ምሳሌያችን የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ፊልሙ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1976 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፥ ሠሪው በሎስ አንጀለስ የፊልም ትምህርት በሚማሩበት ዘመን ወደ አገራቸው መጥተው በ2 ሳምንት ያህል ያነሡት ነው። ባለ16 ሚሊሜትር፥ ጥቁርና ነጭ ነው። ተዋንያኑም በአብዛኛው ሙያቸው ትወና አይደለም።

ታሪኩ የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብ ኑሮ ነው። ባለርስቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይቈጣል፤ ጭሰኛው በማሳው ይደክማል። መሬቱን የተነጠቀውና ሰው እንደ እብድ የሚቈጥረው ከበበ ግን ሌላው የማይደፍረውን እውነት ይናገራል። ካሜራው ይህን ሁሉ ሳይቸኵል ይመለከታል። የሚታየው ማሳ፥ የሚሰማው አነጋገር፥ ፀሐይ ያጠቈረው ፊት፥ እነዚህን ማንም በገንዘብ አይሠራቸውም። የሠሪው ቅቤ ይህ ነበረ፤ አውጥተውም አበሉን።

ነገር ግን ጕድለትን ሁሉ በችግር ማሳበብ አይገባም። ባለርስቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ቍጣ ብቻ ነው፤ ምን እንደሚፈራ፥ ምን እንደሚያስብ አናውቅም። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ጥቂት የድርሰት መሥመር ነበረ። 150 ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም ለዚህ ቦታ አላጣም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ከሥራው በኋላ ያለው ችግር ነው። ሠሪው ከብዙ ዓመት በኋላ «ሳንኮፋ»ን ሲያወጡ፥ በ1993 ዓ.ም.፥ የአሜሪካ አከፋፋዮች ስላልተቀበሏቸው ሲኒማ ቤት ራሳቸው ተከራይተው ማሳየት ግድ ሆነባቸው። ቀጥሎ የመጣው ልብ ወለድ ፊልማቸው «ጤዛ» በ2008 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ዘጋቢ ፊልሞች ቢሠሩም፥ ከአንዱ ልብ ወለድ ፊልም እስከ ሌላው 15 ዓመት አለፈ። ችግር ብልሃትን ይወልዳል የምንል ሰዎች ይህን ዕድሜ ከሒሳቡ ልናወጣው አይገባንም። ያልተሠሩትን ፊልሞች ማንም ሊያደንቃቸው አይችልም።

እንግዲህ ፊልም ለመሥራት የሚያስቡ ጓደኞቻችን ገንዘብ እስኪመጣ ድረስ እጃቸውን አጣምረው አይቀመጡ እንላለን፤ 2 ሳምንትና ጥቁርና ነጭ ፊልም ምን ሊያደርግ እንደሚችል አይተናል። እኛ ተመልካቾች ደግሞ የሠሪውን ድህነት በማድነቅ ብቻ ዕዳችንን የከፈልን አይምሰለን። ቲኬት እንግዛ፤ ፊልሙ የሚታይበትን አዳራሽ እንፈልግ፤ ሲሳሳትም እንደ ማንኛውም ትልቅ ሥራ በግልጽ እንንቀፈው።