የረግረጉ መብራት፦ «ጋዝ ነው» ብሎ ማለፍ ይበቃል?

በአውሮፓ ረግረጋማ ቦታዎች ሲመሽ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ የሚታይ ደብዛዛ ብርሃን እንደነበር ለብዙ መቶ ዓመታት ተጽፏል። መንገደኛው የሰው ቤት መብራት መስሎት ሲከተለው ጭቃ ውስጥ ይገባል። በላቲን «ኢግኒስ ፋቱየስ» ይሉታል፤ ጅል እሳት እንደማለት ነው። ዛሬ ስለዚህ ነገር ብትጠይቁ መልሱ በአንድ መስመር ያልቃል፦ የረግረግ ጋዝ ነው፣ በራሱ ተቀጣጥሎ ነው። እኔም ለተማሪዎቼ እንዲሁ ብዬ አልፌ አውቃለሁ። ነገር ግን የዚህ መልስ ግማሹ በደንብ የተረጋገጠ ሲሆን፣ ሌላው ግማሽ ገና ማስረጃ የሚጠብቅ ነው።

ከተረጋገጠው እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1776 ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ የማጆሬ ሐይቅን ዳር ጭቃ እያማሰለ የሚወጣውን አረፋ ሰበሰበ፤ ጋዙም እንደሚቀጣጠል አሳየ። ይህ ዛሬ ሚቴን የምንለው ነው። ኦክስጅን በሌለበት ጭቃ ውስጥ ዕፅዋት ሲበሰብሱ ረቂቅ ተሕዋስያን ያመርቱታል። እስከዚህ ድረስ ክርክር የለም።

ክርክሩ የሚመጣው «ማን ለኮሰው?» ስንል ነው። ሚቴን በራሱ እንዲቀጣጠል ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ብልጭታ ቢያገኝ እንኳ ከአየሩ ውስጥ ድርሻው በግምት ከ5 እስከ 15 በመቶ ካልሆነ አይነድም። ቀዝቃዛ ረግረግ ላይ፣ ያውም በሌሊት፣ ክብሪቱ ከየት መጣ?

እዚህ ላይ ነው ፎስፊን የሚጠራው። ፎስፊን የፎስፎረስና የሃይድሮጅን ውሁድ ሲሆን፣ አብሮት የሚፈጠረው ዳይፎስፌን አየር ሲነካው ወዲያው ይቀጣጠላል። ጥሩ ክብሪት ይመስላል። ሆኖም ረግረግ ውስጥ የሚለካው ፎስፊን እጅግ በጣም ጥቂት ነው። በዚያ ላይ ሲነድ ነጭ ጭስ ያወጣል። እሳት በሌለበት ጭስ የለም እንላለን፤ እዚህ ግን የገጠመን ጭስ የሌለው እሳት ነው።

ቤተ ሙከራውም ብዙ አልረዳም። የሌስተር ዩኒቨርሲቲው አለን ሚልስ እ.ኤ.አ. በ1980 ፎስፊንንና የተፈጥሮ ጋዝን ቀላቅሎ የሚያበራ ቀዝቃዛ ደመና አገኘ። ብርሃኑ ግን አረንጓዴ ነበር፤ የሚከረክር ጭስም ሞላው። እ.ኤ.አ. በ2008 ጣሊያናውያኑ ሉዊጂ ጋርላስኬሊና ፓኦሎ ቦስኬቲ ፎስፊንን ከአየርና ከናይትሮጅን ጋር ቀላቅለው ደብዛዛ ቀዝቃዛ ብርሃን አገኙ። አሁንም አረንጓዴ ነው። እነሱ ያቀረቡት መከራከሪያ በጨለማ የሰው ዓይን ቀለም በደንብ አይለይም የሚል ነው። ይህ ትክክል ነው፤ ግን ሁለት ስለት አለው። የምስክሩን «ሰማያዊ» ካላመንን «ቀዝቃዛ ነው፣ ጭስ የለውም» ያለውን ለምን እናምናለን? የሚመቸንን ቃል ብቻ መርጠን መውሰድ አንችልም።

በ2025 ደግሞ የስታንፎርዱ ሪቻርድ ዜርና ባልደረቦቹ አዲስ ሐሳብ ይዘው መጡ። ሚቴንና አየር የያዙ ጥቃቅን አረፋዎች ውኃ ውስጥ ሲቀራረቡ በመካከላቸው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይፈጠራል፤ እነሱ «ጥቃቅን መብረቅ» ይሉታል። ብልጭታውን በፈጣን ካሜራ ቀርጸውታል። ቮልታም በዘመኑ መብረቅንና የረግረግ ጋዝን አገናኝቶ ነበርና፣ ነገሩ ዞሮ መጥቷል ማለት ይቻላል። ሐሳቡ ከፎስፊን ይልቅ ይጥመኛል፤ የተለየ ክብሪት ሳይፈልግ ከአረፋው ራሱ ይነሳልና።

ቢሆንም «ምስጢሩ ተፈታ» የሚለው የዜና ርእስ ቸኩሏል። የተቀረጸው ውኃ ውስጥ፣ ለዓይን በማይበቃ ጊዜ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ነገር ነው። ምስክሮቹ የሚነግሩን ግን አየር ላይ ቆይቶ ስለሚታይ ብርሃን ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረን ድልድይ የሚሠራው ረግረግ ዳር ነው፤ ካሜራ፣ የጋዝ መለኪያና ቴርሞሜትር ይዞ ብዙ ሌሊት በመቀመጥ። በ1830ዎቹ የታተመ የሉዊ ብሌሰን ዘገባ እዚህ ላይ ያስቀናል፤ ሰውየው ብርሃኑ አጠገብ ወረቀት አስጠግቶ ይቃጠል እንደሆነ ሞክሯል። ዘዴው ቀላል ነው፣ ጥያቄው ግን ትክክለኛው ነው።

ዛሬ ይህን ለመድገም ዋናው ችግር ቦታው ነው። የእንግሊዝ ፌንስን የመሰሉ ሰፋፊ ረግረጎች ተጠንፍፈው እርሻ ሆነዋል። ረግረጉ ሲደርቅ መብራቱን የሚያይ ዓይንም አብሮ ይጠፋል፤ የቀረን ወሬውና የአንድ መስመሩ መልስ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። እኔም ከእንግዲህ ክፍል ውስጥ የምለው ይህን ነው፦ ጋዙን እናውቀዋለን፤ የለኮሰውን ግን ገና እየፈለግን ነው።