«ጌጠኛ ፊደል» ስለሚለው ስያሜ

በሒሳብ ጽሑፍ ውስጥ ከተራው የላቲን ፊደል ጎን ለጎን በልዩ ልዩ ቅርጽ የተጻፉ ፊደላት ይገኛሉ። ከፊሎቹ ወፈር ያሉ፣ ከፊሎቹ በጀርመኑ የጎቲክ አጣጣል፣ ከፊሎቹ በእጅ ጽሕፈት መልክ፣ የቀሩትም ዘንጋቸው ተደርቦ የተቀረጹ ናቸው። እነዚህን በጅምላ «ጌጠኛ ፊደላት» ብሎ መተርጎም ለጆሮ የሚጥም፣ ለዐይንም እውነት የሚመስል ነው። ይሁን እንጂ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም ከቃል ምርጫ አልፎ ይሄዳል።

ጌጥ የሚባለው ቢነሣ ዋናው ነገር የማይጎድልበት ነው። የሒሳቡ ቅርጽ ግን ሲነሣ ፍቺው ይፈርሳል። የኤሌክትሮማግኔት መስክን ኀይል የሚገልጸውን ቀመር እንመልከት። ከእኩል ምልክቱ በስተግራ በእጅ ጽሕፈት መልክ የተጻፈው ኤች ሃሚልቶኒያን የሚባለውን መጠን ሲወክል፣ በስተቀኝ የሚገኘው ተራው ኤች የማግኔት መስክን ይወክላል። ሁለቱ ወደ አንድ ተራ ፊደል ቢመለሱ ቀመሩ ኤች በሁለቱም ወገን የሚገኝበት ሌላ የኢንቴግራል እኩልነት ይሆናል፤ አንባቢውም ስሕተት መኖሩን እንኳ ላይጠረጥር ይችላል። በኖርዌያዊው ሶፈስ ሊ ስም በሚጠራው የሒሳብ ዘርፍም ትልቁ የላቲን ጂ ቡድኑን፣ ትንሹ የጎቲክ ጂ አልጀብራውን ያመለክታል።

ለግእዝ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም። «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን የሌላውን ገንዘብ ወሰደ ማለት ይሆናል። በዛሬው አነባበብ ድምፁ አንድ ነው፤ ፍቺውን የሚለየው የፊደሉ መልክ ነው። በአሁኑ አማርኛ ግን ንጉሡን ሠ ለክብርና ለውበት ብሎ የሚጽፍ ጥቂት አይደለም። (እኔም ከነዚሁ አንዱ ሳልሆን አልቀርም።) «ጌጠኛ» የሚለው ቃል የሚስማማው ለዚህ ለኋለኛው አጠቃቀም ነው።

የኮምፒዩተር ጽሑፍ ችግሩን አወሳስቦታል። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው 3.1 እትም ለእነዚህ የሒሳብ ፊደላት የየራሳቸውን የኮድ ቁጥር ሰጠ፤ ዛሬ በዚሁ ምድብ 996 ምልክቶች ይገኛሉ። የተመደቡትም ለሒሳብና ለቴክኒክ ጽሑፍ እንጂ ለተራ ጽሑፍ ማስዋቢያ እንዳልሆነ ተገልጿል። ሆኖም በማኅበራዊ መገናኛ ስማቸውን የሚያስጌጡበት ሰዎች በርክተዋል። ዐይን «ወፍራም ኤ» ብሎ የሚያነበውን መሣሪያው እንደ ሌላ ምልክት ይቈጥረዋል። በመሆኑም በዚህ መልክ የተጻፈ ስም፣ ፈላጊው ፕሮግራም ምልክቱን ወደ ተራ ፊደል ካልመለሰው በቀር፣ ሲፈለግ አይገኝም። ለዐይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነበው ፕሮግራምም ወይ ፊደሉን አንድ በአንድ «የሒሳብ ወፍራም ትልቅ ኤ» እያለ ይጠራል፣ ወይ ጭራሹን ይዘለዋል። አንዱ ምልክት በቀመር ውስጥ ፍቺ፣ በስም ላይ ጌጥ ሆነ ማለት ነው።

የብራና ጸሐፊዎቻችን ይህን ድንበር ጠብቀውት ነበር። ጌጡን ሐረግ ብለው በገጹ ራስና ዳር አደረጉት፤ ቅዱሳት ስሞችን ለመለየት ሲፈልጉ ቀይ ቀለም ተጠቀሙ፤ ፊደሉ ራሱ ግን ያው ፊደል ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ ለሒሳቡ «መለያ ፊደል» የሚለውን እመርጣለሁ። «መለያ ቁጥር» ከሚለው ጋር ይቀራረባል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ መቀራረቡ ግን ጕዳት የለውም፣ ሁለቱም የመለየት ሥራ ይሠራሉና። «ቅርጸ ፊደል» የአጣጣልን ዐይነት ለመሰየም አስቀድሞ ስለተያዘ እዚህ ሊገባ አይገባውም። «ጌጠኛ» ለስም ማስዋቢያው ይቅር። የሚያስቸግረው የተፈጥሮና የእውን ቍጥሮች ስብስብ የሚጻፍበት ባለ ድርብ ዘንግ ፊደል ነው። የእንግሊዝኛው ስም የመጣው ጠመኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ወፍራም ፊደል ለመጻፍ ስለማይመች መምህራን መስመሩን መደረብ በመልመዳቸው ነው፤ ቃል በቃል ቢተረጎም ሰሌዳው ይቀርና ምክንያቱ ይጠፋል። «ድርብ ዘንግ» ብለነው፣ የሰሌዳውን ታሪክ በመዝገበ ቃላቱ ማብራሪያ ውስጥ ብናስቀምጠው ይሻላል።