ስለ ሁለት ምላስ

በመምህርነቴ ዘመን ተማሪዎች «ዱፕሊሲቲ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሲተረጕሙ ብዙውን ጊዜ «ማታለል» ብለው ያልፉት ነበር። ትርጕሙ ሐሰት ባይሆንም ጐዶሎ ነው። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥሩ «እጥፍ፥ ድርብ» ማለት ነው፤ ስለዚህ የሚነግረን ለአንዱ አንድ ፊት፥ ለሌላው ሌላ ፊት የሚያሳየውን ሰው ጠባይ ነው። አባቶቻችን እንዲህ ያለውን «ባለ ሁለት ምላስ» ይሉታል፤ ከ«አታላይ» ይልቅ ለቃሉ የሚቀርበው ይህ ነው።

አንዳንዶች ግን በዚሁ ስም ቅኔን ይነቅፋሉ። ሰምና ወርቅም ድርብ ነውና ማታለልን ያስተምራል ይላሉ። ይህ ነቀፌታ ትክክል አይመስለኝም። በቅኔ ሰሙም ወርቁም በአንድ ቃል፥ በአንድ ጉባኤ ፊት ይቀርባሉ፤ ሰሚው ወርቁን ፈልጎ ሲያገኘው ባለቅኔው ደስ ይለዋል። ባለ ሁለት ምላስ ግን የተገኘበት ዕለት ያፍራል።

ለዚህ ጠባይ ዋነኛው ምሳሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል ነው። በ17ኛው አንቀጽ አማርኛው፥ ዳግማዊ ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ ይቻላቸዋል ሲል፥ ኢጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። የአስተርጓሚ ስሕተት ነው እንበል፤ ስሕተት በራሱ ሁለት ምላስነት አይደለም። ነገር ግን ኢጣልያ በ1882 ዓ.ም. የራሷን ንባብ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች፤ ምኒልክ በ1883 ዓ.ም. የሁለቱን ጽሑፍ አለመስማማት ገልጠው ከጻፉም በኋላ በዚያው ጸናች። ዱፕሊሲቲ የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው፤ ልዩነቱን ዐውቆ በልዩነቱ መጠቀም። ንጉሠ ነገሥቱ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ የቀረውን በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ፈረደው።

ወጣቶች ሆይ፥ ይህ የነገሥታት ነገር ብቻ አይምሰላችሁ። በሆሳዕናና በዱራሜ ከእናንተ ብዙዎቹ በቤት ሀዲይኛ ወይም ከምባትኛ፥ በትምህርት ቤት አማርኛና እንግሊዝኛ ትናገራላችሁ። አማርኛ የማይሰሙ አባት ሐኪም ቤት ወይም ፍርድ ቤት ሲቀርቡ የሚያስተረጕሙላቸው እናንተ ናችሁ። ያን ጊዜ ሁለቱንም ወገን የሚሰማ ከእናንተ በቀር ሌላ የለም፤ ቃሉን ብታጥፉትም የሚያርማችሁ አይገኝም። አባት እንዳያዝኑ ብላችሁ የሐኪሙን ቃል ብትለውጡ እንኳ፥ ሊያውቁት የሚገባቸውን ነገር ነፍጋችኋቸዋል። ሁለት ቋንቋ ማወቅ ጸጋ ነው፤ በሁለቱም አንዱን እውነት መናገር ደግሞ ምግባር ነው።