በታደሰ ግቢ ውስጥ አንድ መኝታ ቤት፤ ስለ ቤት ቅርጽና ይዘት

አንድ የኪነ ጥበብ ሥራ በቅርጹና በይዘቱ እንደሚመዘን ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ቤት ግን በዚሁ ሚዛን ላይ ሲወጣ እምብዛም አይታይም። በባሕር ማዶ፣ ከታደሰ የባላባት መኖሪያ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ለሽያጭ ሲቀርብ፣ ማስታወቂያው የጣሪያውን ከፍታ፣ የመስኮቱን ስፋት፣ የመስኩን ልምላሜ ይዘረዝራል። ድንጋዩን ማን እንደ ጠረበው፣ ምድጃውን ማን ያነድድ እንደ ነበረ ግን ትንፍሽ አይልም። ቅርጹ ታድሶ ይዘቱ ተሰርዟል ማለት ነው።

መከፋፈሉ በራሱ ነውር አይደለም። በእንግሊዝ አገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የግብሩ ክብደትና የአገልጋዩ መመናመን ብዙ የባላባት ቤቶችን ለመፍረስ ዳርጓል፤ ከተረፉትም አንዳንዶቹ የዳኑት በየክፍሉ በመሸንሸናቸው ነው። በእኛም አገር በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፣ የአንድ መኳንንት እልፍኝ ለብዙ ቤተሰብ መጠለያ የሆነበት ጊዜ ነበር። ብዙዎች ተጠልለዋል፤ ይህ አይካድም። ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ግን ክፍሉ የእገሌ፣ ጣሪያው የማንም ሆኖ ተገኘ።

ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ጅማ እንውረድ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ ጅማን ከማየቱ በፊት ሰርቦን ያገኛል። በእንዲህ ያለ የቡና ከተማ የመንገድ ዳር ቤት ፊቱ ሱቅ፣ ጓዳው መኖሪያ ነው። በረንዳው ግን የባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ መንገደኛ ከዝናብ ይጠለልበታል፣ ጎረቤት ወሬ ይለዋወጥበታል። ከዚያ አልፎ ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ በጅሬን ኮረብታ ላይ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይታያል። በቅርብ ዓመታት እድሳት ተደርጎለታል። የዚህ የእንጨት ሥራ ውበቱ በሰገነቱና በሰፊው በረንዳው ላይ ነው፤ ገዥው ከላይ፣ ሕዝቡ ከታች ሆነው የሚተያዩበት ሥፍራ ነበርና። ይሁን እንጂ ያን ዘመን ያበለጸገው የሂርማታ ገበያ ቡናና የዝሆን ጥርስ ብቻ ሳይሆን ሰውም የተሸጠበት ገበያ ነው። ሰገነቱን አድንቆ ይህን የሚዘነጋ እድሳት፣ የተውኔቱን አልባሳት አሳምሮ ቃሉን እንደ ረሳ ተዋናይ ነው።

እንዲህ ያለው ቤት በክፍል በክፍል ቢሸጥ ምን ይሆን ነበር? ገዥው መኝታ ቤቱን ያገኛል፤ በረንዳውም የአንድ ሰው ቡና መጠጫ ይሆናል። የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግሉን ክፍልና የጋራውን መጠቀሚያ ለይቶ ማስቀመጡ ለዚህ ነው፤ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢው የሁሉም ሸክም እንዲሆኑ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይነካ ይደነግጋል። ሕጉ ግን የቤቱን ትዝታ ሊጠብቅ አይችልም፤ ያ የመምህሩ፣ የባህል ሠራተኛውና የከያኒው ድርሻ ነው።

በእኔ እምነት አሮጌ ቤት ባዶውን ተቆልፎ ከሚበሰብስ ሰው ቢኖርበት ይሻላል። ነገር ግን ሦስት ነገሮች ሊሟሉ ይገባል፤ የጋራው በር እንዳይዘጋ፣ የጣሪያው ጥገና ከዋጋው ጋር እንዲታሰብ፣ የገንቢዎቹም ድካም በግድግዳው ላይ እንዲጻፍ። አዲስ ቤት ሲገባ እንግዳው «ቤት ለእንቦሳ» ይላል፤ ባለቤቱም «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልሳል። ምርቃቱን የሚያደርስ እንግዳ የማይዘልቅበት ቤት፣ የቱንም ያህል ቢታደስ፣ ቅርጽ እንጂ ቤት አይደለም።