ወንበሩና ተረቱ

ከስደተኞች መጠለያ ተነሥቶ ለሹመት የበቃ ሰው ታሪክ በተነገረ ቁጥር አተራረኩ አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ እሳትና ሽሽት ይመጣል፤ ቀጥሎ ድንኳንና ራብ፤ በመጨረሻም ቀኝ እጁን አንሥቶ ቃለ መሐላ የሚፈጽም ሰው። በመካከሉ ያሉት ዓመታት በአንድ መስመር ይታለፋሉ። የአቶ ኦባላ ኦባላ ታሪክ በየዜና ማሰራጫው የተነገረው በአብዛኛው በዚሁ መልክ ስለሆነ፣ የዚህን አተራረክ ጉድለት ለመመርመር ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል።

አቶ ኦባላ የጋምቤላ ተወላጅ፣ ብሔረሰባቸውም አኙዋ ነው። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ በአኙዋዎች ላይ ጭፍጨፋ ሲፈጸም ገና በልጅነታቸው ተሰደዱ። በኬንያ ዳዳብ መጠለያ 10 ዓመት ያህል ከኖሩ በኋላ አሜሪካ ገቡ። በ2012 ዓ.ም. ዜግነት ባገኙ በ11ኛው ወር፣ ማለትም ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት ለምትገኘው ለኦስቲን ከተማ ምክር ቤት ተመረጡ። በዚያ ምክር ቤት ወንበር ያገኙ የመጀመሪያው ስደተኛና የመጀመሪያው ጥቁር ሰው መሆናቸው ተነግሯል።

ያ ዕለት በዚህ በገዳሪፍ አካባቢ ለምንገኝ ሌላም ትዝታ አለው። በዚያው ሌሊት በትግራይ ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ስደተኛው በሐምዳይት በኩል ወደ ምሥራቅ ሱዳን ጎረፈ። በ1977ቱ ድርቅ ዘመን የኢትዮጵያ ስደተኞች የሰፈሩበት ኡም ራኩባም ዳግመኛ ተከፈተ። አንዱ የስደትን ጎዳና ፈጽሞ ወንበር ላይ በተቀመጠበት ዕለት የሌሎች አሥር ሺዎች ጎዳና መጀመሩ ነው። እንግዲህ የአቶ ኦባላ ታሪክ ለእነዚህ ሰዎች ምን ይነግራቸዋል? እንደተለመደው ከተተረከ የሚነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውጣ፣ ተሻገር፣ ከዚያ ሁሉም ይሳካል። ይህ ደግሞ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ተረቱ የሚዘለው የመጀመሪያ ነገር ሥራው ነው። አቶ ኦባላ በሪቨርላንድ ኮሌጅ ሲማሩ የተማሪዎች መሪ ነበሩ፤ የሚበሉት ያጡ ተማሪዎችን ጉዳይ ይዘውም እስከ ክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪዎች ደርሰዋል። ዕጩ ሆነው ሲቀርቡ መራጩ ሊመዝነው የሚችል ሥራ ነበራቸው ማለት ነው።

ሁለተኛው የተዘለለው መራጩ ነው። ኦስቲን ስመ ሞክሼዋ ከሆነችው የቴክሳሷ ትልቅ ከተማ ጋር አትነጻጸርም፤ ነዋሪዋ 26 ሺህ ገደማ ነው። ሆርሜል የተባለው የሥጋ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1891 የተመሠረተው በዚህችው ከተማ ነው፤ በሥጋ ፋብሪካ ሥራም ከብዙ አገር የመጡ ሰዎች ይኖሩባታል። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ የጋምቤላ ሰዎች ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ድምፁ የተገኘው በአብዛኛው የአገራቸው ልጆች ካልሆኑ ጎረቤቶች ነው። ተራኪዎቹ ተመራጩን እያወደሱ መራጩን መርሳታቸው ከጉድለቶቹ ሁሉ የከፋው ይመስለኛል።

ሦስተኛው ወንበሩ ራሱ ነው። የትንሽ ከተማ ምክር ቤት ስለ መንገድ፣ ስለ ፍሳሽ፣ ስለ በረዶ ጠረጋና ስለ በጀት የሚነጋገር ሸንጎ ነው። ታላቅነቱም እዚህ ላይ ነው፤ የመረጠህ ሰው በማግሥቱ በገበያ ያገኝሃልና ማምለጫ የለህም።

ወንበርን ወንበር የሚያደርገው ውድድርና ተጠያቂነት መሆኑን የገዛ አገራችን ታሪክ በተቃራኒው ያስረዳል። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ በመላው ኢትዮጵያ ለውድድር የቀረበው ወንበር 3.6 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባላት እንዲኖሩት ተደርጎ ነበርና። ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች ራሳቸውን ስላገለሉ ግን ከጥቂቶች በስተቀር ሁሉም በገዢው ፓርቲና በአጋሮቹ እጅ ገባ። ሚሊዮን ወንበር ተሞላ፤ በተፎካካሪው ተፈትኖ የተቀመጠው ግን እጅግ ጥቂት ነበር። የኦስቲኑ አንድ ወንበር ከዚያ ሁሉ የሚበልጥበት ምሥጢር ሌላ አይደለም።

ሀዋታ ላይ ሆኖ ይህን የሚያነብ ሰው፣ «ለእኔ ምርጫ ከየት መጣ?» ቢል አይፈረድበትም። በሰው አገር በሰሊጥና በማሽላ እርሻ የሚደክም ስደተኛ የድምፅ ካርድ የለውም። ይሁን እንጂ አንድ ወንበር አለው፤ እርሱም የመረዳጃ ማኅበሩ፣ የእድሩና የሰበካው ወንበር ነው። ለታመመ ገንዘብ የሚያሰባስበው፣ ለሞተ መቃብር የሚፈልገው፣ የተጣላን የሚያስታርቀው ይህ ወንበር ነው። በእርሱ ላይ ሰው የምናስቀምጠው እንዴት ነው? አብዛኛውን ጊዜ «እርስዎ ይሁኑልን» በሚል ይሉኝታ፣ በአንድ እጅ ማውጣት፣ ሁለተኛ ዕጩ ሳይጠየቅ ነው። ሒሳብ የጠየቀ ሰው ነገረኛ ይባላል፤ የተሸነፈ ያኮርፋል፤ ያሸነፈም እስኪደክም ድረስ አይነሣም።

እንግዲህ የአቶ ኦባላን ታሪክ ለልጆቻችን ስንነግር፣ ዳዳብንና ቃለ መሐላውን ብቻ አንንገራቸው። በመካከሉ የተራቡ ተማሪዎች ጉዳይ እንደነበረ፣ የማያውቁት ጎረቤትም ድምፁን እንደሰጣቸው እንጨምርላቸው። በሚቀጥለው የማኅበር ስብሰባም ሁለት ዕጩ ይቅረብ፤ ያለፈው ዓመት ሒሳብ በጉባኤው ፊት ይነበብ። ይህን ለማድረግ ድንበር መሻገር አያስፈልግም።